ከጊታሩ ሆድ ሥር «ባቲ» ይላል

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

ዝናብ። የልብስ ሳሙና አልቆ ነበርና ልገዛ ወጣሁ። ፔዳል ስቲል ጊታር ይዤ ተመለስኩ። ሳሙናውን ረሳሁት።

ሜድስቶን ካለው ኦፕ ሾፕ፣ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫው ነው። መጀመሪያ ጠረጴዛ መስሎኝ ነበር... አራት እግር፣ ከላይ አሥር ክር፣ ከሥር ሦስት ፔዳል። ቁጭ ብለው ክሩ ላይ ብረት እያንሸራተቱ ይጫወቱታል፤ ፔዳሉን ሲረግጡት ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል። ያለቅሳል ቢባል ይቀላል። ዩቲዩብ ላይ በካውቦዮች ዘፈን ውስጥ ስሰማው ሆዴ ይባባል።

ፋናዬ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። «ሳይክሉ ጋራዥ ነው። ካሜራው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ይሄኛው የት ሊተኛ ነው?»

ሳሎን፣ አልኳት። ሳቀች፤ የምሯን ግን አልነበረም። ባለቤቴ ናት፣ ታውቀኛለች። የጀመርኩትን ሁለተኛ አልነካም። እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ልቤ አንድ ነገር ላይ አላርፍ ብሏል። ይሄኛው ግን... እስቲ።

እሑድ፣ ሰኔ 15

ገልብጬ አቧራውን ስጠርግ፣ ከሆዱ ሥር፣ ፔዳሉን ከክሩ ከሚያገናኙት ቀጫጭን ዘንጎች አጠገብ ፕላስተር ተለጥፎ አየሁ። በእስክሪብቶ፣ በአማርኛ፦ «ባቲ»። ከጎኑ ሌሎችም አሉ፤ ጽሑፋቸው ጠፍቷል።

አማርኛ! በካውቦይ ጊታር ሆድ ሥር! ፋናዬን ጠራኋት።

«አገሩን ነዋ የጻፈው፤ ሻንጣ ላይ እንደምንጽፈው» አለች።

የባቲ ሰው። ማን ይሆን? ሞቶ ይሆን? ተሰርቆበት ይሆን? መጥቶ ስጠኝ ቢለኝስ? እሰጠዋለሁ። አልሰጠውም። እሰጠዋለሁ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 18

ፊትዝሮይ ወሰድኩት፣ ኮሊን ዘንድ። የድሮ ጊታር የሚጠግን ሽማግሌ ነው። ከሥሩ ገብቶ ብዙ ቆየ። አንድ ሰው ነካክቶታል አለኝ። ዘንጎቹ ከፋብሪካ እንደወጡ አይደሉም፣ ፔዳሎቹ የሚያወጡት ድምፅ ከሚያውቀው ዘፈን ሁሉ አይገጥምም። እንደ ፋብሪካው አድርጎ ሊመልሰው ይችላል። ሰኞ ይጀምራል። ቡክ አደረግሁ።

ትቼው ስወጣ ቅር አለኝ። ለምን? እንጃ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 21

ፉትስክሬይ፣ ሐበሻ የሚበዛበት ሰፈር፣ የባቲ ሰው ፍለጋ። ኢስሐቅን አገኘሁ። ኡበር ይነዳል፣ ባቲ ነው ያደገው። ስለ ጊታሩ ገና ስጠይቀው ሳቀ።

«ወንድሜ፣ ከባቲ እዚህ ያለነው እኔና የአክስቴ ልጅ ነን። እሱ ጥሩምባ እንኳ አይነፋም!» ትንሽ አሰበና፣ «ብረት ነካክቶ መሥራት ከሆነ ግን ጋሼ አብዱልቃድር ነበሩ፤ አላህ ይርሐማቸው። አስኮት ቬል፣ ፍላቶቹ፣ የመንግሥት ፎቆቹ ውስጥ። ሚስታቸው አሉ።»

«ጋሼ የባቲ ሰው ናቸው?»

«ኧረ የደሴ ናቸው!»

ተውኩት። እኔ የምፈልገው የባቲ ሰው ነው። ለማንኛውም ስልክ ቁጥሬን ሰጠሁት።

ሰኞ፣ ሰኔ 23



ስብሰባ ላይ ሳለሁ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። ኮሪደር ወጣሁ። እትዬ ዙበይዳ፣ የጋሼ አብዱልቃድር ባለቤት፤ ኢስሐቅ ነግሯቸው።

«ሦስት ፔዳል ያለው? አንድ እግሩ የተበየደ?»

«አዎ እትዬ። ግን ከሥሩ የሚለው ባቲ ነው። ጋሼ ደግሞ የደሴ ሰው...»

ሳቃቸው መጣ፣ ሳል እስኪይዛቸው።

«ልጄ፣ አገር አይደለም! ቅኝት ነው! አንዱ ፔዳል ባቲ፣ አንዱ አምባሰል፣ አንዱ አንቺ ሆዬ። ምንም ካልረገጥክ ትዝታ። አብዱ ነው ዘንጉን እየቀያየረ የሠራው። እኔ መንዙማ እላለሁ፣ እሱ ከሥር ተኝቶ ያጠብቃል። ‹ድገሚው› ይለኛል። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ፣ ድገሚው! ቤት ስንቀይር ልጆቹ ከአሮጌ ዕቃ ጋር ሰጡት። እኔማ ቀልጦ ድስት የሆነ መስሎኝ ነበር።»

ቅኝት! ባቲ ሲባል መናኸሪያ ብቻ የሚታየው ሰው... እኔ ነኛ!

ከዚያ ኮሊን ትዝ አለኝ። ሰኞ። ዛሬ! ደወልኩ፣ አያነሳም። ደግሜ ደወልኩ። አለቃዬን ሆዴን አመመኝ ብዬ ትራም ውስጥ ገባሁ። ቀይ መብራቱ ሁሉ እኔን ጠብቆ የሚበራ ነበር የሚመስለው።

ስደርስ የአንዱ ፔዳል ዘንጎች ተፈትተው ጨርቅ ላይ ተኝተዋል። የባቲው። ሌሎቹ ገና አልተነኩም። አቁም አልኩት፣ ነገርኩት። ደነገጠ። እንዴት እንደነበረ ምልክት አልያዘም፤ ብልሽት መስሎታል። ምን ልፍረድበት? ፍታው ያልኩት እኔ ነኝ።

ለእትዬ ምን ልበላቸው?

ማክሰኞ፣ ሰኔ 24

ነገርኳቸው። 

«ሰውዬው ዘንጉን ጥሎታል?» አሉ።

«የለም፣ አለ።»

«እኔም አለሁ። መጥተህ ውሰደኝ።»

ሐሙስ፣ ሰኔ 26

ፊትዝሮይ። እትዬ የኮሊን ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ሻሻቸውን አስተካከሉ፣ መንዙማውን በቀስታ ጀመሩ። ኮሊን ከሥር ተኝቷል። እኔ ብረቱን ይዤ፣ ፔዳሉን ረግጬ።

«አልደረሰም» ይላሉ። አስተረጉማለሁ። ኮሊን ያጠብቃል።

«አሁን ደግሞ አለፈ። መልሰው።»

ስንት ጊዜ... አልቆጠርኩም። ጉሮሯቸው ሻከረ። ውሃ ሰጠኋቸው፣ ቀጠሉ። ከዚያ ድምፃቸውና ክሩ አንድ ሆኑ። የትኛው የማን እንደሆነ ጠፋኝ። እሳቸው አቆሙ፣ ክሩ ብቻውን ቀጠለ። በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ።

ኮሊን ከሥር ሆኖ «ምን አሉ?» አለኝ። ደርሷል፣ አልኩት።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5

ባለፈው ሳምንት፣ ጊታሩን ቤትዎ ላድርስልዎ ብያቸው ነበር። በልቤ ግን እንቢ ይበሉ እያልኩ።

«የት ላስቀምጠው? ይሄ እግርስ መቼ ይረግጣል? አንተ ርገጥ፣ እኔ እላለሁ» አሉ።

ዛሬ ሳሎናችን መጡ። ፋናዬ ራሷ ናት ሶፋውን ገፍታ ቦታ የሠራችው። አዲስ ፕላስተር ለጠፍኩ፣ እሳቸው እያሉኝ ጻፍኩበት። አምባሰል። አንቺ ሆዬ። የጋሼን «ባቲ» አልነካሁትም።

ከዚያ ባቲን ጀመርኩ። አበላሸሁት። ብረቱን አስቀምጬ፣ እንደ ልማዴ ብድግ ልል...

«ድገመው» አሉኝ።

ደገምኩት።