ሁለቱ የምስማር ጭረቶች

ጭሮ፣ ረቡዕ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለኢንሳፍ አባት፣ ድሬዳዋ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰላምታ የአላህ ነው፣ እኔ ልነፍግህ አልችልም። ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህስ? የወንድምህ ጋራዥ ወለሉ ሲሚንቶ ነው ሲሉ ሰማሁ፤ ካርቶን ብቻ አንጥፈህ መኪና ሥር እንዳትገባ። ይህን የምልህ አዝኜልህ እንዳይመስልህ። ሲያምህ የሚያሽህ ሰው እዚያ የለማ!

እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ኢንሳፍ አሥረኛ ክፍል ገባች፣ ምላሷም አብሯት ክፍል አልፏል።

"ወላሂ ድምፄን ዳግመኛ አትሰማም" ብዬ መማሌን አልረሳሁም። ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል፣ አንተም ቦርሳህን አንጠልጥለህ በር ላይ ቆመህ ሰምተሃል። ይኸው ስምንት ወር ሆነው። ወረቀት ግን ድምፅ የለውም፣ ስለዚህ እጽፋለሁ። የምጽፍልህም ስለ መኪናችን፣ ስለ ዲኤክሷ ነው እንጂ ስለ ሌላ ጉዳይ አይደለም። ተናድጃለሁ፣ አቦ! ንዴቴን የምወጣበት ሰው ደግሞ አጠገቤ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መስከረም ሲጠባ ዲኤክሷ ጠዋት ጠዋት አልነሳም ማለት ጀመረች። ከሚኤሶ የግመል ወተቱን ጭኜ ዳገቱን ስይዝ ታስላለች፣ ትንገጫገጫለች። ያንተን ጋራዥ ተከራይቶ የሚሠራው ጌዲዮን ከፍቶ አያትና "እትዬ ጣሂራ፣ ዲስትሪቢዩተሩ አልቋል። ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው እሱ ነው፤ ዘንጉ ተበልቶ ይወዛወዛል። አዲስ ይግዙ" አለኝ።

መህዲ መለዋወጫ ቤት ሄድኩ። ሁለት ካርቶን አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ደረደረልኝ። አንደኛው ኦርጅናል፣ መኪናዋን ከሠራው ፋብሪካ የመጣ፣ ዋጋው ራስ ያዞራል። ሌላው ኮፒ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ፣ በሩብ ዋጋ። "እመኚኝ ጣሂራ፣ ልዩነታቸው ካርቶኑ ላይ ነው" አለኝ መህዲ። እንዲያውም የሚያብለጨልጨው ኮፒው ነው። ኦርጅናሉ ደብዛዛ ነው፣ አዲስም አይመስል።

እውነቱን ልንገርህ፣ ኦርጅናሉን የተውኩት በዋጋው ብቻ አይደለም። "ኦርጅናል" ያንተ ቃል ስለሆነች ነው! ደንበኛ ኮፒ ይዞ ሲመጣ "እኔ ቆሻሻ አልገጥምም" እያልክ ትመልሰዋለህ። ጋራዡ ባዶውን ይውላል። እኔ ሰው ፊት "ኦርጅናል ተቀቅሎ ይበላል ወይ?" አልኩህ፣ አንተ ደግሞ "ርካሽ የለመደ ምን ያውቃል" አልከኝ፣ ከዚያ ወዲያ የሆነውን ታውቀዋለህ። ስለዚህ ኮፒውን ብድግ አደረግኩና "ይሠራል! ያየዋል!" አልኩ። መህዲ "ማነው የሚያየው?" ቢለኝ ካርቶኑን ታቅፌ ወጣሁ።

አሥራ ዘጠኝ ቀን ሠራ። በሃያኛው ቀን ዳገቱ መሃል ላይ ቀጥ አለ። ስድስት ጀሪካን ወተት ጭኛለሁ፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከፍቼ ባየው ክዳኑ ለሁለት ተሰንጥቋል። ጎትተውኝ ጭሮ ስደርስ ወተቱ ተበላሽቷል፣ ሻይ ቤቶቹም አንድ ሊትር አልነኩልኝም። መህዲን ሄጄ ባፋጥጠው "ኮፒ መሆኑን ነግሬሻለሁ" ይለኛል። ነግሮኛል፣ እሱስ እውነቱን ነው።

ለአረፋ ብዬ ያሳደግኳቸውን ሁለቱን ሙክቶች ሸጥኩ። መህዲ ፊት ቆሜ "ኦርጅናሉን ስጠኝ" ስል ቃሏ እንደ ኮሶ መረረችኝ። ጌዲዮን ገጠመልኝ። እዚህ ጭሮ ላይ ሞተሯ እንዴት ባለ ጸጥታ ነው የዞረችው! ልቤ አርፎ ወደ ቆላው፣ ወደ ሚኤሶ ወረድኩ። ሙቀቱ ውስጥ ስትገባ ግን ማንኳኳት ጀመረች፣ ጣሳ ውስጥ ጠጠር ያለ ነው የሚመስለው። ተመልሼ ለጌዲዮን ነገርኩት። ዲስትሪቢዩተሩን ትንሽ አዞረው። አሁን ሚኤሶ ላይ ማንኳኳቷን ተወች፣ ዳገቱ ላይ ግን ጉልበት አጣች፣ ጭሮ መግቢያ ላይ ጥፍት። እንደገና አዞረው፣ እንደገና ታንኳኳለች። ሱብሃነላህ! ሁለት ሙክት የበላው ኦርጅናል ይህ ነው? ሁለት ዓመት ሙሉ ጆሮዬን ያደነቆርከኝ ለዚህ ነው?

መህዲ ላይ ጮህኩ። ጌዲዮን ላይ ጮህኩ። ጌዲዮን እጁን በጨርቅ እየጠረገ እስክጨርስ ጠበቀና "እትዬ፣ ዕቃው ጤነኛ ነው። አቀማመጡ ነው። ጋሽ በድሪ የት ላይ ነበር የሚያቆሙት? አሮጌውን ያምጡልኝና ምልክቱን ልየው" አለኝ።



ያቺን አሮጌ ዲስትሪቢዩተር ታስታውሳለህ፣ ጎኗ ላይ በምስማር ሁለት ጭረት ጭረህባት ነበር። "ይህቺ የጭሮ ናት፣ ይህቺ የሚኤሶ። እታች ስትደርሺ ብሎኑን አላልተሽ ወደዚህ፣ ወተቱን ጭነሽ ልትወጪ ስትይ ወደዚያ" ብለህ አሳየኸኝ። አራት ዓመት በአሥራ ሁለት ቁጥር ቁልፍ ጭረት ለጭረት እያገጣጠምኩ ወጣሁ፣ ወረድኩ። አንተ ሞተሯን ሰምተህ ነው የጫርከው፣ እኔ ግን ጭረቱን አይቼ ነው የማዞረው። አንድ ቀን እንኳ ሰምቻት አላውቅም።

አሮጌዋ አሁን የለችም። ኮፒው በተገጠመ ማግስት ቆራሌ በበር ሲያልፍ ጠርቼ ሰጠሁት። የሆነ እልህ ያዘኝ፣ እጅህ የነካው ነገር ከቤት ይውጣልኝ አልኩ። በለውጡ ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳፋ ሰጠኝ። ልብስ ባጠብኩ ቁጥር ያ ሳፋ ያፈጥብኛል። ሳቅ፣ መብትህ ነው። ቆራሌውን በዴሳ ድረስ አስፈለግኩት፣ ብረቱን ጭነው ከወሰዱት ቆይቷል አሉኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ እያንኳኳች ወረድኩ፣ እያንኳኳች ወጣሁ፣ እዚያው ዳገት ላይ ቆመች። ሳቢትን ታውቃታለህ፣ ከሚኤሶ ሴቶች ወተት ሰብስባ የምታስረክበኝን። በነጋታው ብሄድ ጀሪካኖቹን አልሰጥ አለችኝ። "ያ ጣሂራ፣ ወተት ሰው አይጠብቅም። እኔ እወድሻለሁ፣ ሴቶቹ ግን ልጆች አሏቸው። እስከሚመጣው ማክሰኞ መኪናሽን አድኚ። ካልሆነ ለቦርደዴው ነጋዴ እንሰጣለን" አለችኝ። ምን ልበላት? እውነቷን ነው። ሳቢት ከሄደች ግን እኔ ሌላ ሥራ የለኝም። የኢንሳፍ ደብተርም፣ የቤቱ ኪራይም፣ ማታ የምንቀምሰውም ከዚያ ወተት ነው።

ስለዚህ የምጠይቅህ አንድ ነገር ብቻ ነው። በሁለቱ ጭረቶች መካከል ያለው ስፋት ምን ያህል ነበር? የጥፍር ያህል ነው? ከዚያ ያንሳል? ወረቀት ላይ ሣልልኝና ላክልኝ ልልህ ነበር ብዕር ያነሳሁት። ለጌዲዮን ብነግረው ይህንንም አጣጣለብኝ። "የአሮጌው ጭረት ለአሮጌው ነው። ለአዲሱ እዚህም እታችም ሞተሯን ሰምቶ እንደ አዲስ የሚጭር ያስፈልጋል። እኔ መጽሐፉ የሚለውን አድርጌያለሁ፣ የጋሽ በድሪን ጆሮ ከየት ላምጣ?" አለኝ። እኔስ ከየት ላምጣ? መህዲ ጋ አይሸጥም! ኮፒውም አይሆን፣ ኦርጅናሉም ብቻውን አይሆን። ደክሞኛል። ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ተነስቼ ያችን መኪና ሳያት ማልቀስ ያምረኛል።

አሁን የቀረውን ልንገርህ፣ መደበቅም ሰለቸኝ። ቅዳሜ ዳገቱ ላይ የእኔ ስልክ ባትሪ ጨርሶ ነበር። ሊጎትተኝ የቆመውን የአይሱዙ ሹፌር ስልክ ለምኜ ደወልኩ። ለጌዲዮን ልደውል ነበር፣ ጣቴ ግን የምታውቀውን ቁጥር መታች። "ሄሎ፣ ማን ልበል?" አልክ። "እኔ ነኝ" ብዬ ዘጋሁት። እስከ ጭሮ ድረስ ደጋግመህ ስትደውል ሹፌሩ "ሴትዮ፣ ሰውየው አልተወም፣ አንሺለት እንጂ" አለኝ። አላነሳሁም።

መሐላዬ ፈረሰ። ኡስታዙን ብጠይቃቸው፣ "መሐላ ያፈረሰ አሥር ሚስኪን ያብላ፣ አቅም ያጣ ሦስት ቀን ይጹም" አሉኝ። የአሥሩ ሚስኪን ምሳ ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ገብቶ የለ! ስለዚህ እጾማለሁ። ትናንት አንድ፣ ዛሬ ሁለት። አየህ፣ "እኔ ነኝ" ያልኩህ ሦስት ቀን አስጾመኝ። ነገ መግሪብ ላይ ሳፈጥር መሐላ የሚባል ነገር የለብኝም።

ከዚያ በኋላ ብትደውል አነሳለሁ። ሞተሯን አስነስቼ ስልኩን እላይዋ ልይዝልህና እንድትሰማት አስቤ ነበር። ኢንሳፍ ሰምታኝ "ኡሚ፣ በስልክ የሚመጣው ኮፒው ነው" አለችኝና ጥላኝ ሄደች። ማን እንዳስተማራት ታውቃለህ።

ሰው ፊት ያልኩህን ባላልኩህ ደግ ነበር፣ በድሪ። አንተም ያልከውን ታውቃለህ።

አላህ ከክፉ ይሰውርህ፣ እጅህንና ጆሮህን ያኑርልህ፣ ለልጅህ ያቆይህ።

የኢንሳፍ እናት፣ ጣሂራ

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ አብዱልቃዲር ነው፣ የሚኒባሱ ሹፌር። ነገ ድሬ አድሮ ዓርብ ጠዋት ወደ ጭሮ ይመለሳል። የፊት ወንበሩ ለወገብ ጥሩ ነው ይላሉ።