ለነብሮ የተጮኸው ጩኸት

ሱዳን፣ ባሱንዳ፣ ከሰሊጥ እርሻው ካምቦ
ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዓይኔ ብርሃን፣ ለልጄ ለስማቸው፤

እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ደኅና ነኝ፤ ይህ ደኅና መሆን ከተባለ። ፊደሉ ቢጣመምብህ እንዳትስቅብኝ። ወረቀቱን ጎረቤታችን ያረጋል ይዞልህ ይሄዳል። እሱም አንተ በሄድህበት መንገድ ወደ ሊቢያ ሊሄድ ቆርጧል፤ ብለምነው አልሰማ አለኝ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገርህ። «ስማቸው ሞቶ እናቱ ቤት ተለቀሰ» የሚል ወሬ ደርሶህ ከሆነ አትደንግጥ። የሞተው ውሻችን ነብሮ ነው። የተለቀሰው ግን ላንተ ነው። እንዴት እንዲህ እንደሆነ ለኔም ገና በቅጡ አልገባኝም።

የነብሮን እርጅና ታውቃለህ። ከሄድህ ወዲህ ደግሞ አንድ ዓይኑ ጠፋ፤ የኋላ እግሮቹም ከዱት። ሲቆም እንደ ሰካራም ይንገዳገድ ነበር። ያም ሆኖ ጅብ በሰማ ቁጥር ከተኛበት ሳይነሣ ይጮኻል። «አንተ ጡረተኛ፣ ማን ይፈራሃል?» ስለው ጆሮውን ብቻ ቀና ያደርጋል። ጥርሱ ስላለቀ የማሽላ ኪስራውን በወተት አርሼ ነበር የማበላው። ሴቶቹ «ለሰው ያልተገኘ ወተት» እያሉ ያሙኝ ነበር። ይሙኝ። ቤቴ ስገባ ቀና ብሎ የሚያየኝ ሌላ ማን አለኝ?

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ብነሣ ከደጃፉ አጣሁት። ጠራሁት፤ የለም። ወደ ሣር ዳሱ፣ ወደ ራኩባው ዞር ስል ያንተ አንገረብ ላይ ተኝቷል። ልጄ፣ ያ ውሻ እኮ ደፉን መሻገር እንኳ አቅቶት ነበር። አልጋህን ቅዳሜ ቅዳሜ አራግፌ አነጥፈዋለሁ፤ ማንም እንዲቀመጥበት አልፈቅድም። በምን ጉልበቱ እንደወጣ እግዜር ይወቀው። አገጩን ትራስህ ላይ አድርጎ ደርቋል። ስዳስሰው ቀዝቅዟል። ጋቢዬን አውልቄ አለበስሁትና ጮኽሁ። ቃል አልወጣኝም፤ ኡኡታ ብቻ ነበር።

እኔ የጮኽሁት ለውሻዬ ነው። በኛ ዘንድ ግን በንጋት ኡኡ የሚል መርዶ የተረዳ ሰው ነው። ለኔ ሊመጣ የሚችለው መርዶ ደግሞ አንድ ብቻ መሆኑን ካምቦው በሙሉ ያውቃል። አባትህን ቀብሬያለሁ፤ የቀረኸኝ አንተ ነህ።

ከአንገረቡ ሥር ቁጭ እንዳልሁ ቤቱ በሰው ሞላ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ ገቡ። ሽማግሌያችን ጋሼ ኪዳነማርያም ትከሻዬን ይዘው ቻይው አሉኝ። ለአንድ ውሻ ይህን ያህል ሰው! ምን ነካቸው እያልሁ ሳለሁ አልቃሿ ሣህሊቱ ስምህን ጠርታ ሙሾ አወረደች፦

«ሰሊጥ አጫጅ ልጄ፣ ጀግናው በበረሃ፣
እንዴት አርገህ ቻልኸው የባሕሩን ውሃ።»

የሞተው ውሻው ነው ልላቸው አፌን ስከፍት ልቅሶ ቀደመኝ። እንባዬም ከነሱ እንባ ጋር ይወርድ ጀመር። አልደብቅህም፤ ልቅሶው ደስ አለኝ። ድምፅህን ከሰማሁ ሁለተኛው ሰሊጥ ታጭዶ ገባ። ሰው ፊት እየሳቅሁ ውዬ ቤቴ ስገባ የማለቅሰው ለነብሮ ብቻ ነበር፤ እሱም ሲሰማኝ ኖሮ ሰለቸው መሰለኝ።

በዚህ መሐል ውሃ አመላላሹ ሱለይማን የአህያ ጋሪውን፣ ካሮውን ደጅ አቁሞ ገባ። «አልፋትሓ» ብሎ መዳፎቹን ዘረጋ። ዱዓውን ሲጨርስ ዓይኑ አንገረቡ ላይ አረፈ። ከጋቢው ሥር ጭራው ወጥቷል።

«ያ ኡሚ፣ እናቴ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «የሞተው ማነው?»

«ነብሮ ነው» አልሁ፤ ድምፄ ያን ጊዜ ወጣ። «ልጄ አልሞተም። መርዶ አልመጣም። ነብሮ ነው የሞተው።»

አሁን ይስቃሉ ብዬ ጠበቅሁ። ካልሳቁም በቁሙ ላለ ልጅ ሙሾ አስወረድሽ፣ ሟርተኛ ብለው ይሰድቡኛል አልሁ። የሳቀ አልነበረም። ነጠላዋን ያቀናች አንዲት ሴት አላየሁም። ሣህሊቱ ፊቷን ወደ ሣሩ ግድግዳ አዞረች። ጋሼ ኪዳነማርያም መሬት መሬቱን እያዩ፣ «እናትነሽ፣ ከጀመርሽው አይቀር፣ ይውጣልሽ» አሉኝ።

ስማቸው፣ ነብሮን ደርቆ ሳገኘው የደነገጥሁት ከዚህ ጋር ሲተያይ ምንም አልነበረም። ለካ ለቅሶህን አሰናድተው የኔን ጩኸት ብቻ ሲጠብቁ ኖረዋል። ያባትህን ምርኩዝ አንሥቼ ሁሉንም ከቤቴ አባረርኋቸው። ጋሼ ኪዳነማርያምን እንኳ አላከበርሁም። እሳቸውም አልተቀየሙኝም፤ የባሰ ያስፈራኝ ይኸው ነው።

የቀረው ሱለይማን ብቻ ነበር። ውሻ ሲሞት በገመድ ተጎትቶ ደረቁ ወንዝ፣ ኾሩ ውስጥ እንደሚጣል ታውቃለህ። ሱለይማን ደግሞ ነብሮ ልብሱን ከነካው ደጋግሞ ካላጠበው የማይሰግድ ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ ከነጋቢዬ አቀፈው። «ጀለቢያህስ?» ስለው «ይታጠባል» አለኝ። ካሮው ላይ አስተኝቶት ቡችላ ሳለ ካገኘኸው ማሳ ዳር ወሰድነው። ከላሎቡ ዛፍ ሥር ቆፈረለት። ያን የተቀደደ ጆሮውን ለመጨረሻ ጊዜ ዳሰስሁት። «በደንብ ጠብቀኸኛል፤ አሁን እረፍ። ስማቸው ሲመጣ ቦታህን አሳየዋለሁ» ብዬ አፈር አለበስሁት። ከተመለስሁ በኋላም ልማድ ሆኖብኝ ኪስራ አራስሁ። እጄ ወተት ውስጥ እንዳለ ነው የለም ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ።

አንድ ነገር ግን እረፍት ነሣኝ። ሣህሊቱን ባሕሩን ምን አሳሰባት? አንተ በየብስ ብቻ እንጂ ባሕር አልገባም ብለህ ምለህልኛል። ትናንት ውሃ ወረፋው ላይ ልጠይቃት ስጠጋ ጀሪካኗን ሳትሞላ ሄደች። እኔ ሳስበው ቤት እንዲመታላት ብላ ነው። «በረሃ» ብላ ስለጀመረች «ውሃ» መጣላት። ሌላ ምን ይሆናል?

እንግዲህ ልጄ፣ ሌላ አልለምንህም። በሰው ስልክም ቢሆን አንዲት ድምፅ ስደድልኝ። ድምፅህን ይዤ ከሣህሊቱ ቤት ጀምሬ እየዞርሁ ላሰማቸው። «ውሻዋ ቢሞት አገር ለቅሶ ያስቀመጠች» እያሉ እስክሞት ድረስ ይሳቁብኝ። ና፣ ሰው ፊት አሳፍረኝ።

የረገጥኸው መሬት ይለምልምልህ። ክፉ ሰው ካንተ ይራቅ። የበላህበት ቤት አይራብ። ባሕሩንም፣ ድንገት ገብተህበት ከሆነ፣ እግዜር በመዳፉ ይዞ ያሻግርህ።

እናትህ እናትነሽ