ሳይነበብ የቀረው የደብዳቤሽ ግማሽ

ይድረስ ለባለቤቴ ለየሺ፣ ከቡሬ ወዲያ ካለው ቤትሽ።

እንደምን ከረምሽ አልልሽም፤ አፈር ውስጥ ክረምት እንዴት እንደሚያልፍ አላውቅም። ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ቤቱ ቆሟል። ቀይዋ ላም ወልዳለች። አምና በርበሬውን ዝናብ መታው። አንቺ ትቀመጪበት ከነበረው መደብ ላይ ማንም አይቀመጥም፣ እኔም አላስቀምጥ። ይህን የሚጽፍልኝ የደብራችን ዲያቆን ነው። ስድቡን ላለዝበው ቢለኝ እንዳልኩህ ጻፍ ብዬዋለሁ።

ቆሽቴ አርሯል፣ የሺ። ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ተኝተሽ ሳለ፣ ስልክ በተቋረጠበት ሰሞን፣ በጎረቤት እጅ ደብዳቤ ልከሽልኝ ነበር። የልጅ ልጃችን ትርንጎ አነበበችልኝ። ደህና ነኝ፣ እህሉን ሳትሰበስብ አትምጣ፣ ጥጃዋን አደራ፤ ይኸው ነው ብላ አጠፈችው። ለአገር ምድሩ ደብዳቤ ስትጽፊ የኖርሽ ሴት ለእኔ ሲሆን ቃል አነሳት ብዬ ተቀየምኩሽ። አዝመራው ሳይገባ አስከሬንሽ ገባ።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ የመሬት ደብተሩን ስፈልግ ያ ወረቀት ከሣጥኑ ወጣ። ናፍቀሽኝ ነበርና ለዲያቆኑ ሰጠሁት። ያነባል፣ ያነባል፣ አያልቅም። ካልቀናኝ ከእናቴ ጎን፣ ከወይራው ሥር አሳርፈኝ ብለሽኛል። እኔ የት ቀበርኩሽ? ከቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ፣ የሰው እግር ከሚበዛበት!

ትርንጎን ጠራኋት። ያኔ አምስተኛ ክፍል ነበረች፣ አሁን ሰባተኛ ናት። «አያቴ፣ ያቃተኝን ዘለልኩት፤ ትምህርት ቤት ዋናው ሐሳቡን መያዝ ነው ይሉናል» አለችኝ፣ ዓይኗን ሳታሽ። እስቲ የምነግርሽን ጻፊ አልኳት። ዲያቆኑ ሲያነበው የማን ወሬ እንደሆነ ጠፋኝ። ማን ማንን እንደጠራ፣ ትናንት ይሁን ነገ፣ አይለይም።

ካርድ የሚሰጥ ቀን ትምህርት ቤት ሄድኩ። አልፋለች፣ ይፈርሙ ብለው ቀለሙን ወደ ጣቴ አስጠጉልኝ። አልፈርምም፣ አስቀሯት አልኩ። ርእሰ መምህሩ ፈገግ ብሎ «አባባ፣ ሐሳቧ ከገባን ፊደልና ሰዋስው ቀስ ብሎ ይመጣል» አለኝ። ከኋላዬ አንዱ «አያ ጥሩነህ፣ እርስዎ ሀ ሳይሉ!» ብሎ አሳቀብኝ። ዞር ብዬ «ጣሪያ መክደን አልችልም፤ ሲያፈስብኝ ግን አውቃለሁ» አልኩት። እነሱ ግን ያለ ጣቴ አሳለፏት። ይቀፋል፣ የሺ። በየዓመቱ አልፋለች እያሉ ያንቺን ኑዛዜ ማንበብ የማትችል ልጅ ሰጡኝ።

ራሴንም ተጸይፌዋለሁ። መሠረተ ትምህርት ሲመጣ አብረን እንማር ስትይኝ፣ እርፍ የጨበጠ እጅ እርሳስ አይዝም ብዬ የተኮፈስኩት እኔ ነኝ። ተምሬ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤሽን በራሴ ዓይን አነበው አልነበር?

ቄሱን ወደ ወይራው ላዛውራት ብላቸው ተዋት፣ ባለችበት ትረፍ አሉኝ። ስለዚህ ዲያቆኑ ዳዊት እንደሚያስጠና ሰው ደብዳቤሽን ሲያስደግመኝ ከረመ። አሁን ከላይ እስከ ታች በቃሌ ነው። ትርንጎ በየቀኑ ከፊቴ ቆማ ታነበዋለች። አንዲት ቃል ስትውጥ በበትሬ መሬቱን እመታለሁ፤ ከላይ ትጀምራለች። ታኮርፋለች፤ ታኩርፍ።

ትናንት አንዲት ሳትዘል እስከ ወይራው ደረሰች። እዚያ ላይ ድምፅዋ ተቆረጠ። በትሬን አላነሳሁም።

አልረሳሽም፣ የሺ። እኔ ሀ ያላልኩት ሰውዬ፣ ቃልሽን አንድም ሳላጎድል ይዤልሽ እመጣለሁ።

ባልሽ ጥሩነህ