ከቤተ መጻሕፍት የተባረርኩበት ምክንያት

ለውድ እህቴ ለሪሃና፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን ሰነበትሽ? ፉርቃንስ እንዴት ነው፣ ጥርስ አወጣ? የእማዬ ጉልበትስ ተሻላት? እኔ ሸማ ተራ ከጋቢ ክምር መሀል ሆኜ ደኅና ነኝ፤ ትናንት ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወዲህ ደግሞ ከደኅናም በላይ ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።

የጡትሽ እብጠት ተቋጥሮ የቀረ ወተት ብቻ መሆኑን፣ እሱም መጥፋቱን ሳነብ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቁጭ አልኩ። አክስታችንን የቀበርንበት በሽታ ነው ብዬ ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጥቼ ነበር።

አሁን ሁሉም ስላለፈ የደበቅኩሽን ልንገርሽ። «ልጁን ከዚያኛው ጡት ከልክዬዋለሁ፤ ለማንም እንዳትናገር» ብለሽ የጻፍሽልኝ ጊዜ የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ኢንተርኔት አስገብቷል ሲባል ሰምቼ ሄድኩ። በእንግሊዝኛ «ጡት» ብዬ ብጽፍ «የተከለከለ ነው» የሚል ቀይ ጽሑፍ ወጣ። ለካ ወጣቱ ነውር እንዳያይ ብለው ቃሉን ራሱን ዘግተውታል። ግራ ገብቶኝ ደጋግሜ ስጽፍ ኃላፊዋ እትዬ ሸዋርካብሽ ከኋላዬ ቆመዋል። ለመስቀል ጋቢ የሸጥኩላቸው ሴት ናቸው። የእህቴ ጡት ብዬ በሰው ፊት እንዴት ልበል? ለትምህርት ነው አልኳቸው። «ጋቢ ለመሸጥ ይሄን መማር ያስፈልጋል?» ብለው አስወጡኝ፤ አንባቢው ሁሉ ሳቀ።

በነጋታው እፍረቴን ዋጥ አድርጌ ተመለስኩና ለብቻቸው እውነቱን ነገርኳቸው። አደራሽን በልቻለሁ፣ ይቅር በዪኝ። እሳቸውም «ትናንት ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አሉና እገዳውን ለእኔ ብቻ ራሳቸው አንስተው አጠገቤ ተቀመጡ። ልጁ መጥባቱን እንዳይተው፣ እብጠቱን ግን የግድ ሐኪም እንዲያየው የሚለውን አብረን ገለበጥን። በአውቶቡስ ተራ የላክሁልሽ ወረቀት ያ ነው፤ ግማሹ የእጅ ጽሑፍ የእሳቸው ነው።

ዛሬ ዜናሽን ስነግራቸው ተመስገን አሉ። ከበላዮቻቸው ጋር ተከራክረው ቃሉን ለአንባቢ ሁሉ አስከፍተውታል፤ ሁለት እናቶችም መጥተው አንብበዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ለሌላ ሰው ይመስለን ነበር። ከእንግዲህ የሚያምሽን ሁሉ ጻፊልኝ፤ እኔም ለመጠየቅ አላፍርም።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ባለቤትሽን ጀማለዲንን፣ ሐኪም ቤት ወስዶሻልና አላህ ይስጥልኝ በዪው። ታናሻችን ሀስና በትምህርቷ ትበርታ። ፉርቃንን ግንባሩን ሳሚልኝ፤ ከሁለቱም ጡት እስኪጠግብ አጥቢልኝ።

ወንድምሽ ሙናዊር
አዲስ አበባ፣ መርካቶ
ኅዳር 12 ቀን 1999 ዓ.ም.