የሽፍታው ፊርማ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15፣ ረፋድ

ድንች እየላጥኩ ነው። ለሁለት ሰው። ክቡር ደብተር ሆይ፣ አትደንግጥ፤ ሚስት አላገባሁም። ዮናታን ይመጣል። የባ/ዳሩ፣ ሐይቁ ዳር ሆቴል ያለው። የድሮ ሽፍቶችን የእስር ቤት ካርድ እየሰበሰበ በመስታወት አስገብቶ ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። ስማቸው የገነነ፣ በእጃቸው የፈረሙበት ከሆነ ብቻ። እንግዳው ዓሣ እየበላ ሽፍታ ያያል። የእኔን ከሰማ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ በሐሙሲት በኩል ደ/ታቦር ከች ነው።

የእኔ የምለው የጥጋቡ ጉናውን ካርድ ነው። ጥጋቡ፣ ጉና ላይ አውቶቡስ አስቁሞ ተሳፋሪውን በካልሲ የሚያስቀር የነበረ፣ ነፍሱን ይማር። ሲያዝ የወህኒ ቤቱ መዝገብ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ካርዱን የሞላሁት እኔ። ኋላ መ/ቤቱ አሮጌ ወረቀት ሲያስወግድ ሐጂ ሰዒድ ለሱቃቸው መጠቅለያ ገዙት። በርበሬ ልገዛ ሄጄ በጥጋቡ ተጠቅልሎልኝ መጣ።

አመሻሽ። መጣ፣ በላ፣ ሄደ። አልሸጥኩለትም፤ ላስብበት አልኩ። ሳምንት እመለሳለሁ አለ። ድንቹ ጨው በዝቶበት ነበር። ትንፍሽ አላለም። ጨዋ ልጅ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ምንም። ሰው የለም። ሬዲዮው ባትሪ ጨርሷል፤ ቢሆንም እያዳመጥኩት ነው። ልጄ ከሐዋሳ ለበዓል ትደውላለች። በዓል የለም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ዛሬ ጉድ። አጉሊ መነጽር ይዞ መጣ። ካርዱ ግርጌ ያለው ፊርማ ላይ ተደፋ። "ጋሼ፣ ይቺን ወደ ላይ የተወረወረች ጭረት ይዩልኝ። እብሪት እኮ ናት። ይቺ ነጥብ ደግሞ ጥይት" ይለኛል።

ነጥቧ የመንግሥት እስክሪብቶ ስለሚያንጠባጥብ የመጣች ናት። ፊርማው የእኔ ነው።

ጥጋቡ ፊደል አልቆጠረም። በአውራ ጣቱ ነው የፈረመው፤ እኔ ከሥሩ በእማኝነት ፈረምኩ። "እማኝ" የምትለዋን ቃል የሐጂ ሰዒድ በርበሬ አቅልቶ ውጧታል። አሻራውን ደግሞ ዮናታን የቀለም ቆሻሻ መስሎት በጥፍሩ ሊፍቀው ሲል እጁን ያዝኩት።

አፌን ከፈትኩ። ከነገርኩት ቅዳሜ የሚባል ቀን የለም። አፌን በድንች ዘጋሁት።

ዕድሜ ልኬን ፈርሜአለሁ። የእስረኛ መግቢያ፣ የእስረኛ መውጫ፣ የብርድ ልብስ ርክክብ። ግሩም ፊርማ ነው ያለኝ አንድ ሰው የለም። ለካ አውቶቡስ ማስቆም ነበረብኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

ሐጂ ሰዒድ ሱቅ። ነገሩን አወራኋቸው። ሳሙና እየደረደሩ ሰሙኝ። "አንተ ሰውዬ፣ የምትሸጥለት ወረቀቱን ነው ምሳውን?" አሉኝ። ንገረው አሉ። ባልነግረውስ? "ያኔ ሽፍታው አንተ ነህ። ካልሲውን እንኳ ተውለት።"

ሻይ ጠጥቼ ወጣሁ። ብርድ ነው። ቤቴ ከውጭው ይብሳል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

አልነገርኩትም። ፍሬም አምጥቷል፤ ከሥሩ የሚጻፈውን ጭምር። "የጥጋቡ ጉናው የራሱ እጅ" ይላል። "የራሱ" የተባለው የእኔ እጅ ያኔ ሽሮ እያማሰለ ነበር።

ስንበላ ዮናታን ተጫወተ። ሆቴሉ ሁሌ ሰው ይሞላበታል፤ እሱ ግን ምሳውን ኩሽና ቆሞ ነው የሚበላው። ቁጭ ብዬ የምበላው እዚህ ብቻ ነው አለኝ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ።

ሲወጣ ሳምንት የሽያጭ ውል ይዤ እመጣለሁ፣ እንፈራረማለን አለ።

ውል። የእኔ ፊርማ። ከካርዱ ጎን።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ሌላ ፊርማ እየተለማመድኩ ነው። ወረቀት ሞላሁ። አንዱ የተሰበረ በርጩማ ይመስላል፤ አንዱ የፍየል ጅራት። ሁሉም መጨረሻው ላይ ወደ ላይ ይወረወራል። እጄ ከእኔ ይልቅ ሐቀኛ ሆኖ ተገኘ። አናዳጅ እጅ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6፣ አመሻሽ

ፈረምኩ። የራሴን፣ ከነጭረቷ ከነነጥቧ።

ዮናታን ውሉን ያያል። ካርዱን ያያል። አጉሊ መነጽሩን አወጣ፣ መልሶ ከተተው። አሻራውን አሳየሁት። ጥጋቡ ከፈረመ በኋላ ጣቱን በእኔ ኮት እጅጌ እንደጠረገ፣ ቀለሙ ይለቅ ይሆን ብሎ እንደጠየቀኝም ነገርኩት። ይህን ሲሰማ ማንም ይስቃል። እሱ አልሳቀም።

"ጋሼ፣ ፊርማው የጥጋቡ እንደመሰለኝ ያወቁት መቼ ነው?"

አጉሊ መነጽር ያመጣህ ዕለት አልኩት።

"ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?"

ድንቹ እንዳይቀዘቅዝ አልኩ። ቀልድ መሆኑ ነው። ክቡር ደብተር ሆይ፣ እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ቀልዱ ቀደመው። ሁሌ ይቀድመዋል።

አሻራው የጥጋቡ የራሱ ነው፣ ካርዱን በነፃ ውሰደው አልኩት። አልወሰደም። ቅያሜው ከካርዱ ጋር አይደለም። ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ብሎ ሳይበላ ወጣ። የሁለት ሰው ምሳ በላሁ። አልጠገብኩም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ጾሙ ሰኞ ይገባል። ሰፈሩ ዶሮ ገዝቷል። እኔም ገዛሁ፤ ግቢ ውስጥ እየተንጎራደደ ይታዘበኛል።

ሰው ና ብላ ብዬ ጠርቼ አላውቅም። የምትጠራው ሚስቴ ነበረች፣ ነፍሷን ይማር። እሷ ካረፈች ወዲህ የሚመጣው ጉዳይ ያለው ነው። ነገ ግን ጉዳይ የለም። የሚሸጥ የለም፣ የሚፈረም የለም። ቅበላ ብቻውን የሚበላ ሰው ደግሞ ያስፈራል።

ስለዚህ ተወስኗል። እደውልለታለሁ። ሳልቀልድ። ዝም ያልኩት እንዳትቀርብኝ ብዬ ነው እለዋለሁ፣ በዚህችው ቃል። ከዘጋብኝ ይዝጋብኝ።

ቁጥሩን ነካሁት። እየጠራ ነው