ምን ይሰማዎታል?

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ሁለት የስፌት መኪና ጠገንኩ። አንደኛው መዘውሩን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቶ ነበር። ሳልከፍተው በጆሮዬ ነው ያወቅሁት። ማንም አላስተማረኝም፤ ጆሮዬ አስተማረኝ።

ምሳ ብቻዬን በላሁ። ባለቤቴ ልጃችን ቤት ከሄደች ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኗ። ልጄ ደወለች።

«አባዬ፣ እማዬ ያለችው አንድ ነገር ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ሄዶ ሲታይ እመለሳለሁ ብላለች።»

«አላበድኩም!»

«ማን አበድክ አለህ? ቁጡ ሆንክ ነው ያልንህ።»

ስልኩን ዘጋሁባት። ትንሽ ቆይቼ ራሴ ደወልኩና አድራሻውን ጻፍኩ። ለማወቅ ያህል…

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ሄድኩ። አልጋና መርፌ ይኖራል ብዬ እጅጌው በቀላሉ የሚጠቀለል ሸሚዝ ለብሼ ነበር። ያለው ሁለት ወንበር፣ መስኮትና አንድ ፓኮ ሶፍት። ባለሙያዋ የልጄ እኩያ ናት። ቅጽ ሰጠችኝ። «የመጡበት ምክንያት» ይላል። «ሚስቴ» ብዬ ሞላሁ። አንብባ ሳቀች። ሲሳቅብኝ አልወድም… የሷ ግን በክፋት አልነበረም።

«እዚህ የሚናገሩት ከዚህ ክፍል አይወጣም። በእርስዎ ወይም በሌላ ሰው ሕይወት ላይ አደጋ ካየሁ ግን ዝም አልልም» አለች። ደህና።

«ስንት ቀን ይፈጃል? እኔ መኪና በሁለት ቀን ነው የማስረክበው።»

«በሳምንት አንዴ፣ ሃምሳ ደቂቃ። ስድስት ጊዜ እንሞክርና አብረን እናያለን። እኔ ካልተስማማሁዎት ይንገሩኝ፤ ሌላ ባለሙያ እንፈልጋለን። አልቀየምም።»

«በቅርብ ጊዜ ያጡት ሰው አለ?» አለችኝ። ወንድሜ። ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ጠረጴዛ ሠራን፣ አልኳት።

«ይህን ሲነግሩኝ ምን ይሰማዎታል?»

«ግራው ትንሽ ደከም ብሏል እንጂ በደንብ ይሰማኛል። አሁን ለምሳሌ ያ ማራገቢያ… ሲዞር ይንቋቋል፤ ኩሽኔታው አልቋል።»

ከንፈሯን ነከሰች።

የገባኝ አውቶቡስ ውስጥ ነው። የልቤን ስትጠይቀኝ የጆሮዬን መለስኩ! ብቻዬን ስስቅ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ቦታ ቀየረ።

አርብ፣ የካቲት 7

ሰውነቴ ዝሏል። ምን ሠርቼ? ወንበር ላይ ተቀምጬ?

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ስለ ጆሮው ይቅርታ ልጠይቃት ስል፣ «መልስዎ ጥሩ ነበር። እስቲ በዚያው እንቀጥል። ቤትዎ ውስጥ መስማት የማይፈልጉት ድምፅ የትኛው ነው?» አለች።

ዝም አልኩ። እሷም ዝም። በዝምታ ልታሸንፈኝ መስሏት ከሆነ… አሸነፈችኝ።

ወንድሜ ሲሠራ ያፏጭ ነበር። አንዲት ዜማ ብቻ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት። እሱ ከሞተ በኋላ ባለቤቴ ልብስ ስታጥፍ ያችኑ ዜማ ማንጎራጎር ጀመረች። ዝም በይ አልኳት። ረስታ ደገመችው። አንድ ቀን በልጅ ልጃችን ፊት ጮህኩባት። ሕፃኗ ጠረጴዛ ሥር ገባች። በማግስቱ ባለቤቴ ሄደች።

«ዜማው ለምን እንደሚያምዎት ነግረዋቸዋል?»

«ታውቃለች።»

«በምን አወቁ?»

ምክር ስጪኝ ብላት እንቢ አለች። የሚያስቆጣኝን ድምፅ ሁሉ ሳምንቱን እንድመዘግብ አዘዘችኝ። የቤት ሥራ! በዚህ ዕድሜዬ!

እሑድ፣ የካቲት 16

ባሰብኝ። መሳቢያ ውስጥ የወንድሜን መነጽር አገኘሁ። አለቀስኩ። ቴራፒ የሚሉት ይኸ ነው? ቀሎኝ የምወጣ መስሎኝ ነበር እኮ…

ሐሙስ፣ የካቲት 20

አልሄድም ብዬ ሄድኩ። «ባሰብኝ» አልኳት።

«መጀመሪያ ላይ ያጋጥማል። ከከበደዎት ቀስ እንላለን።»

«መኪናም ተፈቶ ሲዘረገፍ ከመጣበት የባሰ ይመስላል» አልኳት። ደብተሯ ላይ ጻፈችው። የኔን ቃል!

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

ሳልደውል ልጄ ቤት ሄድኩ። በሩን የከፈተችው ባለቤቴ ናት።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምን አመጣህ?»

ጉልበቴን አሞኛል ብዬ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ተቀመጠች። ከሳ ብላለች? ወይስ አስተውያት አላውቅም?

«ያ ዜማ የሱ ነው» አልኳት። «ስሰማው በር ከፍቶ የሚገባ ይመስለኛል። አይገባም። ለዚያ ነው የጮህኩብሽ።»

ዞራ አየችኝ። «አንተ ሰውዬ… የሱ መሆኑን መቼ አወቅሁ? እንዲያው አፌ ላይ ይመጣብኛል እንጂ።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ምሳ ስታመጣልን ሰምታው፣ ሳታውቀው ለምዳዋለች።

«ለካ እኔም ናፍቆኝ ነው» አለችና በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«አጥፍቻለሁ» አልኳት። ይህን ቃል በሕይወቴ ስንቴ ብዬው አውቃለሁ?

«ለልጅቷም ንገራት።»

ገብቼ ነገርኳት። ስድስት ዓመቷ ነው፤ እንደ ዳኛ አዳመጠችኝ።

«አባባ፣ ደግመህ ትጮሃለህ?»

«እንዳልጮህ እየተማርኩ ነው። ስቆጣ ወጣ ብዬ እመለሳለሁ።»

አሰበችበት። «ከተመለስክ እሺ።»

ባለቤቴ ግን አብራኝ አልመጣችም። አልለመንኳትም። መብቷ ነው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 25

ባለቤቴ ደወለች።

«ሐሙስ ቀጠሮ አለህ?»

«አለኝ። አራተኛው።»

«እንዳትቀር። አርብ መጥተህ ውሰደኝ።»

«ታክሲ ልላክልሽ?»

«አንተ ና። ሻንጣው ከባድ ነው።»

ይክበድ።