ከአዳማ የማይወጣ ዋስትና

ልጄ ፍሬዘር፣ ጌታ መውጣትህንና መግባትህን ይጠብቅ። እኛ ደህና ነን። ለአባትህ የገዛህለት መኪና ማክሰኞ ወለንጪቲ መንገድ ላይ ቆመች። ሰንበታ የሚባል ገበሬ "በትራክተሬ ልጎትትዎት" ቢለው፣ "ልጄ የኢንሹራንስ ዋስትና ገብቶልኛል፤ ኩባንያው መጥቶ ይጎትተኛል" ብሎ ደወለና ሦስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ጠበቃቸው። በመጨረሻ ከኩባንያው አንዲት ልጅ ደውላ፣ "አባባ፣ ሽፋኑ ከአዳማ አይወጣም" አትለው መሰለህ! አዳማ ውስጥማ ጎረቤት ገፍቶ ያደርሰው የለም እንዴ? ከነከረባታቸው ተሰብስበው አንድ ገበሬ አያክሉም። ሰንበታ ከማሳው ሲመለስ እዚያው ቆሞ አገኘውና ጎትቶ ደጃችን አደረሰው፤ አንዲት ወረቀት አላስፈረመውም። አባትህ "ለልጁ እንዳትነግሪው፣ ያፍራል" ብሎኛል። የእነዚያን ዋስትና አታሳድስ፤ ለእሱ ግን እባክህ ምንም እንዳልሰማ ሆነህ ደውልለት። ጌታ በሰው አገር ሰው አያሳጣህ።

እናትህ ቦንቱ